ከአራተኛ ፎቅ የወረደ ጠረን

ልብስ ሰፊዋ ወደዚያ ቤት የገባችው የመንገዱ ዳር ዛፎች ቅጠላቸውን ማራገፍ በጀመሩበት ሰሞን ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ጠባብ ወጥ ቤት፣ ወደ መንገድ የሚያይ ሰፊ መስኮት። ለስፌት መኪናዋ ብርሃን ያለው መስኮት ፍለጋ ስትንከራተት ስለከረመች ሌላ ሌላውን ነገሬ ብላ አላየችውም። ዓመት ሙሉ ለምን ባዶውን ከረመ ብላም አልጠየቀችም። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል፣ ሴት ልጇም አግብታ ሌላ ከተማ ገብታለች። ብቻዬን መኖር ለምጃለሁ ብላ ታስብ ነበር።

ወጥ ቤቱ ውስጥ የቀረ ዕቃ ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ ምድጃው ላይ የተጎለተ፣ ክዳኑ የጎደጎደ ወፍራም የብረት ድስት።

«ይሄ የማን ነው?» ብላ ቁልፍ ያስረከባትን የሕንፃውን ዘበኛ ጠየቀችው።

«የእማማ ጭልፋ» አለ ዘበኛው። «እዚህ የነበሩት ሴትዮ ናቸው። በር ሲንኳኳ ጭልፋ እንደያዙ ነበር የሚከፍቱት፤ ስማቸው በዚያው ቀረ። ሲያርፉ ዘመድ ነኝ ብሎ ብቅ ያለ ስላልነበረ ዕቃቸውን ጎረቤት ተከፋፈለው። ድስቱን የሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ ወስዳ በሳምንቱ መለሰችው፤ የጣድኩበት ሁሉ ያርራል አለች። ቀጥሎ ምድር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ወሰደው። እሱማ ምክንያቱንም አልተናገረ፤ አምጥቶ በሩ ላይ አስቀመጠውና ሄደ።»

«ታዲያ ለምን አትጥሉትም?»

ዘበኛው ራሱን አከከ። «እርስዎ ይጣሉት። እኔ የልጆች አባት ነኝ።»

ሳቀች። ድስቱንም አልጣለችው፤ ወደ ማዕዘኑ ገፋ አድርጋ ተወችው። እሷ እንደሆነ ከወጥ ቤት ጋር ብዙ ጉዳይ የላትም። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ወጥ መሥራት የሚያስተምራት አላገኘችም፤ ባሏም በሕይወት ሳለ ምግቡን የሚያበስለው ራሱ ነበር። ታላቅ እህቷ፣ «አንቺ ውኃ ብታፈዪ ያርርብሻል» እያለች ሰው ፊት ትቀልድባታለች። የሚገርመው ቀልዱ እውነት ነው፤ አንድ ጊዜ ማንቆርቆሪያ ጥዳ ረስታ ቂጡን አቅልጣዋለች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደህና አለፉ ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማታ ሥራዋን ስትጨርስ ወንበሯን ወደ ስፌት መኪናው አዙራ ትተኛለች፤ ጠዋት ስትነሳ ወንበሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ታገኘዋለች። ወለሉ ቢያዘነብል ነው ብላ ከእግሩ ሥር ካርቶን ወሸቀችበት። ካርቶኑ እንዳለ ሆኖ ወንበሩ ዞሮ አደረ።

ከወንበሩ ይልቅ ያስፈራት ግን የራሷ ነገር ነው። አመሻሽ ላይ ክር ልታስገባ ቀና ትልና ዐይኗ መንገዱ ላይ ይቀራል። ክሩ በጣቷ እንደተያዘ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ይነጉዳል። ከአውቶቡስ የሚወርደውን ወንድ ሁሉ በአረማመዱ ስትለይ ራሷን ታገኛለች። ይሄ አይደለም። ይሄም አይደለም። ማንን እንደምትጠብቅ አታውቅም፤ ብቻ የሚያልፈው ሁሉ ያ ሰው ባለመሆኑ ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

ለእህቷ በስልክ ብትነግራት፣ «ዕድሜ ነው» አለቻት። «እኔም አንዳንዴ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ቆሜ እቀራለሁ።»

ብርዱ ጥርሱን ባሳየበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ ክርና ቁልፍ ልትገዛ ወጣች። ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ እግሯ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ሥጋ ሻጩ ምን ልስጥሽ ሳይላት አፏ ቀደማት።

«ከበሬው ቅልጥም፣ አጥንቱ ሳይለይ፣ ሁለት ኪሎ።»

«ስንት ሰው ነው የሚበላው?» አለ ቢላዋውን እያፋጨ።

«አራት» አለች።

መንገድ ላይ ስትወጣ ነው አራት ማለቷ ትዝ ያላት። እነማን አራት? አትክልት ተራ ገብታ ካሮት፣ ድንች፣ አንድ ክንድ የሚያህል ዱባ፣ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል ገዛች። ክሩንም ቁልፉንም ሳትገዛ ተመለሰች።

ድስቱን አጥባ ጣደችው። ሥጋውን በትልልቁ ቆራርጣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰችበት፣ ዱቄት ላይ አንከባለለችው። ዘይቱ ሲግል ጥቂት ጥቂቱን እየጨመረች፣ በየጎኑ እስኪቀላ እያገላበጠች አወጣችው። ባንድ ጊዜ ብትዘረግፈው ውኃ አውጥቶ ሳይቀላ እንደሚቀር ማን ነገራት? አንዱን ትልቅ ሽንኩርት ከነልጣጩ ለሁለት ሰንጥቃ፣ ፊቱን እሳቱ ላይ ደፍታ ከሰል እስኪመስል አሳረረችው። «አበድኩ እንዴ?» አለች ለራሷ፤ እጇ ግን አልቆመም። ሥጋውን ወደ ድስቱ መልሳ ያረረውን ሽንኩርት አጥንቱ ሥር ወሸቀችው፣ ውኃ ቸለሰችበት፣ ካሮቱን ከተተች፣ ድንቹንና ዱባውን ለመጨረሻ አቆየች። አንድ ማንኪያ አቼቶ ጠብ አደረገችና እሳቱን ዝቅ ልታደርግ ዞር ስትል፣ እሳቱ ዝቅ ብሎ ጠበቃት።

 የምድጃውን ቁልፍ ነካችው፤ ብረቱ እንደ ሰው እጅ ሞቅ ብሏል። ስልኳን አንስታ እህቷ ጋ ደወለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለች እህቷ።

«ወጥ።»

«የማን ወጥ?»

«የሥጋ። ካሮት አለው፣ ድንች፣ ዱባ . . .»

«እሳት አደጋ ልጥራልሽ?»

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። «እጄ ያውቀዋል» አለች። «አንድም ቀን ያልሠራሁትን እጄ ያውቀዋል።»

 «ድምፅሽ ምን ሆነ?» አለች እህቷ ቀስ ብላ። «የአሮጊት ድምፅ መሰለብኝ። ጉንፋን ይዞሻል?»

«ብርዱ ይሆናል» ብላ ዘጋችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠረኑ ቤቱን ሞልቶ ወደ ደረጃው ፈሰሰ። በየፎቁ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማች። የሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ ልጇን፣ «ግባ! ግባ አልኩህ!» ስትል ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥቂት ቆይቶ በሯ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ እያማሰለች ስለነበር ጭልፋውን እንደያዘች ከፈተች።

ከታችዋ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በደብዳቤ አዳይነት ስለጨረሱ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ፖስታ ይላቸዋል። ጭልፋውን ሲያዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው የደረጃውን ብረት ጨበጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ ምነው? አመመዎት?»

«ማነው ያስተማረሽ?» አሉ።

«ምኑን?»

«ወጡን።»

«ማንም» አለች።  ደግፋ አስገብታ ጠረጴዛው ዘንድ አስቀመጠቻቸው። በመጀመሪያው የብርድ ቅዳሜ እማማ ጭልፋ ይህንኑ ወጥ ሠርተው ይጠሯቸው እንደነበር፣ ከሃያ ዓመት በላይ አንድም ጊዜ እንዳልቀረባቸው አንድ በአንድ ነገሯት። ሳህን ስታቀርብላቸው አንዴ ቀምሰው ማንኪያውን አኖሩት።

«የተቃጠለ ሽንኩርት ከተሽበታል» አሉ።

«አዎ።»

«እሳቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።» ሳህኑን ገፋ አድርገው ነገሩን ሁሉ አወጡት።

እማማ ጭልፋ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ባላቸው በሕመም ቢሞቱባቸውም ልጆቹን ብቻቸውን አሳደጉ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን፣ ትልቁ ልጅ መኪና እየነዳ ትንሹን ይዞ ሲመለስ ዝናብ በበላው መንገድ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ትንሹ እዚያው ሞተ። ትልቁ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ከሆስፒታል ወጥቶ በዚያ በር ሲገባ እናትየው ምድጃው ጋ ቆመው ነበር። ዞረው አዩት፤ አዩትና አንድ ነገር ተናገሩ።

«ታች ሆኜ ሰማሁት» አሉ ጋሼ ፖስታ። «ወለሉ ስስ ነው። ‹ምነው አንተ ተረፍክ› አሉት።»

ልብስ ሰፊዋ ጭልፋውን ሁለት እጇ ውስጥ አጥብቃ ያዘች።

«በማግስቱ ልጁ ሄደ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው መስኮቱን አልለቀቁትም። ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ እኔ ወስጄ እልካለሁ፣ ‹ተቀባዩ አልተገኘም› ተብሎ ይመለሳል፣ እኔው መልሼ አመጣላቸዋለሁ። እንዲያ ያለ ሥራ ለጠላቴም አልመኝ። አንድ ቀን ቢመለስልዎ ምን ይሉታል ብዬ ጠየቅኳቸው። ‹አንድ ነገር አለችኝ፤ እሷን ከነገርኩት ይበቃኛል› አሉ። ምን እንደሆነች ለእኔም አልነገሩኝም። አምና በዚህ ሰሞን ሁለት ቀን ድምፃቸው ሲጠፋብኝ በሩን አስከፈትኩ። ወጡን ሠርተው፣ እሳቱን አጥፍተው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ዐርፈዋል። ፊታቸው ወደ መንገድ ነበር።»

ሲጨልም ሁለቱም መብራቱን ማብራት ረስተው ተቀምጠው ነበር። ያን ጊዜ ነው ደረጃው ላይ ኮቴ የተሰማው። አንዱ እርምጃ ይረግጣል፣ ሌላው ይጎተታል። ይረግጣል፣ ይጎተታል። ልብስ ሰፊዋ መነሳቷን ሳታውቀው ተነሳች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመስኮት ስታጣው የከረመችው አረማመድ ይኸው ነበር። ሰውየው ገና ሳያንኳኳ በሩን ከፈተችው።

አርባ ዓመት የሚጠጋው ረጅም ሰው ነው፤ የሥራ ጃኬት ለብሷል፣ ቆቡን በእጁ ይዟል።

«እማ . . .» አለና ቆመ። ጭልፋውን አየ፤ ቀጥሎ ፊቷን አየ። «ይቅርታ። ቤት ተሳስቼ ነው መሰለኝ።»

«አልተሳሳቱም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ይግቡ።»

ጋሼ ፖስታ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ። «ትልቁ!» አሉት። 

ሰውየው ወደብ ላይ ክሬን ነጂ ነው። ለሦስት ቀን ሥራ ወደ ከተማዋ መጥቶ፣ በመጣ ቁጥር እንደሚያደርገው፣ ከማዶው መንገድ ቆሞ መስኮቱን አይቶ ሊሄድ ነበር። «ትናንት አመሻሽ ላይ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አየኋት» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ዛሬ ከታች ስደርስ ጠረኑ ያዘኝ። እሷ ናት አልኩ። ከእሷ ሌላ እንዲህ የሚያደርገው የለም።» ወጥ ቤቱን በዓይኑ ፈለገ። «የት ናት?»

ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ጋ የታየችው እሷ መሆኗን ልትነግረው ስትል ጋሼ ፖስታ ቀደሟት።  ሳያስረዝሙ፣ እጁን ይዘው የእናቱን ማረፍ ነገሩት።

አላለቀሰም። «መቼ?» አለ።

«አምና። በዚሁ ሰሞን።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ሳበችለት። ወጥ ቀድታ ዳቦ ጨምራ አስቀመጠችለት። አንድ ማንኪያ ጎረሰ። 

«ልክ እሷ ናት» አለ ሳህኑን እያየ። «ጋሼ፣ ያን ቀን ያለችኝን ያውቃሉ?»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ።»

«ልክ ነበረች። መሪው እኔ እጅ ላይ ነበር። ትንሹ ቀስ በል እያለኝ . . . ልክ ነበረች። ተጣልቻት አይደለም የሄድኩት። ፊቴን ባየች ቁጥር ያ ነገር እንዳይታያት ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ምድጃው ጋ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆማ ነበር። ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ ሙቀት ሲወጣባት ተሰማት፤ ሙቀቱ ደረቷ ደርሶ ጉሮሮዋን ያዘው። አፏ ተከፈተ። የወጣው ድምፅ ሻከር ያለ፣ ወፍራም፣ የእሷ ያልሆነ ድምፅ ነው።

«ጭራሮዬ» አለች።

የሰውየው ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

«ጭራሮዬ፣ ያን ቀን የነገርኩህ ውሸቴን ነው። በዚያ በር በሕይወት ስትገባ ሳይህ ከደስታ ብዛት እግሬ ከዳኝ። አንዱን ልጄን አፈር አልብሼ በሦስተኛው ቀን ደስ አለኝ። ያ ደስታ አሳፈረኝ፤ ሲያሳፍረኝ ያልሆነውን ተናገርኩ። አንተ በመትረፍህ አንድም ቀን አልተቆጨሁም። አሁን ብላ፤ ይቀዘቅዛል።»

ሙቀቱ እንደ መጣው ወረደ። ልብስ ሰፊዋ የምድጃውን ጠርዝ ይዛ ዞረች። ጋሼ ፖስታ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

«ማነው ጭራሮ ያለኝ?» አለ ሰውየው። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። «ያን ስም ማን ነገረዎት? ትንሹ እንኳ አያውቀውም። ልጅ ሳለሁ ስታጥበኝ ብቻ ነበር በእሱ የምትጠራኝ።»

«እኔ እንጃ» አለች በራሷ ድምፅ።  «ወንድሜ፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ጭራሮ የሚባል ሰው አላውቅም።»

ሰውየው ትኩር ብሎ አያት። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ መብላት ጀመረ። እንባው ሳህኑ ውስጥ እየተንጠባጠበ አንዱን ጨርሶ ሳህኑን ገፋላት፤ ጨመረችለት። ሁለተኛውንም ጨረሰ። ሦስተኛውን ሲበላ የሚሰማው የማንኪያው ድምፅ ብቻ ነበር።

ያን ማታ ልብስ ሰፊዋ እቤቷ አላደረችም። ዘበኛው ታክሲ ጠራላትና እህቷ ጋ ሄደች። እህቷ የመጣችበትን ጉዳይ አንድ ጊዜ ሰምታ ሁለተኛ አልጠየቀቻትም፤ አልጋዋን ለቀቀችላትና መብራቱን ሳታጠፋ አጠገቧ ተቀመጠች። ሰውየው ጋሼ ፖስታ ዘንድ አደረ።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱ ወደ መካነ መቃብሩ ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ መሄድ አልፈለገችም ነበር፤ ሰውየው ነው በጋሼ ፖስታ በኩል የለመናት። የመቃብሩ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ መዝገቡን እያገላበጠ የሟችዋን ስም ሲጠይቅ፣ ሰፈሩ በጭልፋ ብቻ ያወቃቸውን ሴትዮ ሙሉ ስም ከነአባታቸው የጠራው ልጃቸው ነው። ጸሐፊው በእርሳስ በወረቀት ላይ መንገዱን ሣለላቸው፤ ከትልቁ ዛፍ ወደ ግራ፣ ስምንተኛው ረድፍ።

መቃብሩ ቅጠል ለብሶ ነበር። ከትንሹ ልጅ ጎን ነው የተቀበሩት። ልብስ ሰፊዋ መንገዱ ላይ ቀረች፤ የማታውቃቸው ሴትዮ መቃብር ጋ መቅረብ መብቷ አልመሰላትም። ሰውየው ተንበርክኮ በመዳፉ ቅጠሉን ሲጠርግ ከሩቁ ታየው ነበር። መጀመሪያ የወንድሙን፣ ቀጥሎ የእናቱን። ብዙ ቆየ። ሲነሳ ዞሮ በእጁ ጠራት።

ቀርባ ከጎኑ ቆመች። ከቤት ከወጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«ምነው ዝም አሉ?» አላት።

«አፌን ከከፈትኩ ሌላ ነገር ይወጣኛል ብዬ ፈርቼ።»

ሰውየው ሳቀ፤ አጭር፣ የደረቀ ሳቅ ነው። «አይወጣዎትም፤ የነበረቻትን አንድ ነገር ተናግራ ጨርሳለች» አለ። «አሁን ተንበርክኬ ሳለሁ ፊቷ ታየኝ። ያን ቀን ምድጃው ጋ ዞራ ያየችኝ ፊት አልነበረም።» ጃኬቱን አራግፎ ጋሼ ፖስታን ክንዳቸውን ያዛቸው። ሽማግሌው ሲራመዱ ደክሟቸው ነበርና በእሱ አንካሳ እርምጃ ልክ፣ ቀስ ብለው፣ ሦስቱ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረዱ። ሰውየው ወደ ወደቡ የሚመለስበት ባቡር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ጋሼ ፖስታ ምሳ እኔ ጋ ካልበላህ አልለቅህም እያሉ መንገዱን ሙሉ ይከራከሩት ነበር።